ከኮሎማ እስከ ሜሪስቪል፦ የካሊፎርኒያን የወርቅ ወንዞች ስንከተል

ሳን ሆዜና ኦክላንድ ለምንኖር ሰዎች ሽርሽር ሲባል ወይ ባሕር ዳርቻ ነው ወይ ታሆ ሐይቅ። ወደ ታሆ ስንከንፍ መሀል ላይ ጥለነው የምናልፈው ተራራማ ገጠር አለ። ቤንዚን ለመቅዳት ወይ ቡና ለመግዛት ካልሆነ ብዙ ሰው አይቆምበትም። ካሊፎርኒያን የዛሬዋን ካሊፎርኒያ ያደረጋት ነገር የተጀመረው ግን እዚያ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ልጆቹ የፀደይ እረፍት ላይ ሳሉ ሀይዌይ 49ን ይዘን ወንዝ ለወንዝ ለመሄድ ተነሳን። የመንገዱ ቁጥር ራሱ በ1849 ወርቅ ፍለጋ ለጎረፉት ሰዎች መታሰቢያ ነው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከኔ፣ ከባለቤቴና ከልጆቹ ሌላ ጋሼም አብረውን ነበሩ። የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሀገር ቤት መጥተው ነው። በወጣትነታቸው ክብረ መንግሥት አካባቢ፣ አዶላ፣ ወርቅ ሲያጥቡ ኖረዋል። ያለ እሳቸው ይህ ጉዞ ግማሽ ነበር የሚሆነው።

ዓርብ፦ ኮሎማ

በሌሊት ወጣን። ሁዳዴ ስለሆነ ባለቤቴ ሽሮውንም፣ የሱፍ ፍትፍቱንም፣ ዳቦ ቆሎውንም ጠቅልላ ይዛለች። ሳክራሜንቶን እንዳለፍን ሀይዌይ 50 ሽቅብ ይወጣል፤ ፕላሰርቪል ላይ ወደ 49 ይታጠፋሉ፤ ከዚያ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ይሆናል። ኮረብታው አረንጓዴ ነው። ሚያዝያ ላይ ካልሄዳችሁ ይህን አረንጓዴ አታገኙትም፤ በሰኔ ሁሉም ነገር ደርቆ ቢጫ ይሆናል።

ኮሎማ የሳውዝ ፎርክ አሜሪካን ወንዝ የሚያልፍበት ትንሽ ሸለቆ ነው። ዛሬ አካባቢው የታሪክ ፓርክ ነው። ጥር 24 ቀን 1848 ጄምስ ማርሻል የሚባል አናጢ እዚህ ወርቅ አየ። ታሪኩን ብዙ ሰው በደምሳሳው ያውቀዋል፤ እንዴት እንዳየው ግን ቦታው ላይ ስትቆሙ ነው የሚገባችሁ። ማርሻል ወርቅ እየፈለገ አልነበረም። ጆን ሰተር ለሚባል ከስዊዘርላንድ ለመጣ ባለርስት በውኃ የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ እያቆመ ነበር። ውኃው መዘውሩን መትቶ የሚወጣበት ቦይ በበቂ ሁኔታ ስላልጠለቀ፣ ማታ ማታ ውኃ እየለቀቁበት ጠጠሩን ጠርጎ እንዲያጠልቀው ያደርጉ ነበር። ጠዋት መዝጊያው ይዘጋና ማርሻል ወርዶ ያያል። ማለትም ሳያውቁት ሌሊቱን ሙሉ ወርቅ ሲያጥቡ አድረዋል። አንድ ጠዋት ቦዩ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር አገኘ። በድንጋይ ቀጠቀጠው፤ ተለጠጠ እንጂ አልተሰበረም። ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስል የነበረችው ጄኒ ዊመር ደግሞ ሳሙና በምትሠራበት የአመድ ውኃ ቀቀለችው። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።

ጋሼ ይህንን ሲሰሙ "ቦዩን ሳይ ገና ገብቶኛል" አሉ። ድንጋዩን እያዩ ነበር። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ከባዱ ነገር ሁሉ እዚያ ይቀመጣል።

መሰንጠቂያው የነበረበት ቦታ ላይ የድንጋይ ምልክት አለ። ለጎብኚ የተሠራው አምሳያ መሰንጠቂያ ከዚያ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። አምሳያውን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። ወደ ወንዙ ውረዱ።

ወርቅ ማጠብ የሚፈቀደው በወንዙ ማዶ ባለው ዳርቻ ነው፤ በእጅና በሳህን ብቻ፣ አካፋ እንኳን የለም። ልጆቹ ፓርኩ ውስጥ በገንዳ ሲማሩ ቆይተው ነበር፤ ጋሼ ግን "ኑ ወዲህ" ብለው ወሰዷቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ገቡ። ውኃው የቀለጠ በረዶ ነው፤ እግር ያደነዝዛል። መጀመሪያ ሳህኑን አልነኩትም። ወንዙን ነው ያዩት። ከዚያ አንድ ትልቅ ቋጥኝ መረጡና ከጀርባው፣ ውኃው ፍጥነቱን በሚቀንስበት በኩል፣ ከስር የተሰነጠቀውን አለት በጣታቸው እየጫሩ ጠጠርና አሸዋ አወጡ። ሳህኑን ሞልተው ውኃ ውስጥ እንዳለ ግራ ቀኝ አናወጡት። ከባዱ እንዲሰምጥ ነው፤ ወርቅ ከውኃ 19 ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ተራ አሸዋ ሦስት ጊዜ እንኳን አይሞላም። ትልልቁን ጠጠር በእጃቸው እያጠቡ ጣሉ። ቀጥለው ሳህኑን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ላይ ላዩን ውኃው እንዲወስደው ለቀቁት። ደጋግመው። ደጋግመው። ልጆቹ ሰለቻቸው፤ እሳቸው አልሰለቻቸውም። በመጨረሻ ሳህኑ ግርጌ የቀረው አንድ ማንኪያ የማትሞላ ጥቁር አሸዋ ናት። እሷን በጥቂት ውኃ ቀስ ብለው ሲያዞሯት ጥቁሩ ተንሸራቶ ሄደና ኋላው ላይ የቀሩ ቅንጣቶች ታዩ። እንደ ብናኝ ናቸው። ግን ወርቅ ናቸው። ጥላ ስር ወስደው አሳዩን፤ የውሸቱ ማዕድን ፀሐይ ላይ ብቻ ነው የሚያበራው፣ ወርቅ ግን ጥላም ውስጥ ቀለሙ ያው ነው አሉን።

"እኛ ጋ ሳህኑ የእንጨት ገበታ ነው" አሉ። "ሌላው ነገር አንድ ነው።"

ሽሮአችንን ወንዝ ዳር በላን። ከላይ ቺሊ ባር የሚባል ግድብ ስላለ ውኃው እንደሚለቀቀው መጠን ከፍና ዝቅ ይላል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ። የጎማ ጀልባዎችም በጩኸት እየተንሳፈፉ ያልፋሉ።

ከምሳ በኋላ ያየነውን ነገር ከሁሉ በላይ ልጽፍላችሁ ፈልጌያለሁ።

ስለ ማርሻልና ስለ ሰተር ሐውልትም መጽሐፍም ሞልቷል። ሁለቱም ከወርቁ አልተጠቀሙም። የሰተር ሠራተኞች ጥለውት ወርቅ ፍለጋ ሄዱ፣ መሬቱን መጤ ሰፈረበት፤ ካሳ እንዲከፈለው የአሜሪካን ምክር ቤት ሲማጸን በ1880 ሞተ። ማርሻል ጥቂት ዓመት መንግሥት ጡረታ ቆርጦለት ነበር፤ ያም ተቋርጦ በ1885 በድህነት ሞተ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኮረብታው ላይ ሐውልት አቆሙለት፤ በጣቱ ወርቁ የተገኘበትን ቦታ ያሳያል። በሕይወት ሳለ ያላገኘውን ነው በድንጋይ የሰጡት።

ኮሎማ ውስጥ ግን ናንሲ ጉች የምትባል ሴት ነበረች። በ1849 ከሚዙሪ ባሪያ ሆና፣ ከባሏ ከፒተር ጋር፣ ጌታዋ ነው ያመጣት። ትንሹ ልጇ አንድሩ ግን ሚዙሪ ቀረ። በ1850 ካሊፎርኒያ ባርነት የሌለባት ግዛት ሆና ሕብረቱን ስትቀላቀል ናንሲና ፒተር ነፃ ወጡ። ሌላው ሰው ወንዝ ውስጥ ሲርመጠመጥ ናንሲ የወርቅ ፈላጊዎቹን ልብስ አጠበች፣ ምግብ ሠራች፣ የተቀደደ ሰፋች። ብሯን አጠራቀመች። ከባሏ ጋር መሬት ገዙ። ባሏ በ1861 ሞተ፤ እሷ ቀጠለች። የእርስ በርሱ ጦርነት አልቆ ባርነት በመላው አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ በ1870 ገደማ፣ በራሷ ገንዘብ ልጇን ከነሚስቱና ከነልጆቹ ከሚዙሪ አስመጣቻቸው። ሲለያዩ ሕፃን ነበር። ሲገናኙ አባወራ ሆኗል።

ባለቤቴ ምልክቱን አንብባ ዝም አለች። እኛ ሰፈር ውስጥ ልጁን አያቱ ጋ ትቶ መጥቶ ስንት ዓመት ወረቀት የጠበቀ ሰው ስንት እንዳለ አስቡት። ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ያሉትን እህቶቻችንንማ ቤታቸው ይቁጠራቸው። የሰው ልብስ አጥባ፣ ምግብ ሠርታ ብር የምታጠራቅም እናት ለኛ የታሪክ ሰው አይደለችም፤ ትናንት በስልክ ያወራናት ናት።

ልጇ አንድሩ ሞንሮ ገበሬ ሆነ። ፍራፍሬ ተከለ። ቤተሰቡ መሬት እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ወርቁ የተገኘበት የመሰንጠቂያው ቦታ ሳይቀር በእጁ ገባ። በ1940ዎቹ ነው መሬቱ ለፓርኩ ወደ ካሊፎርኒያ መንግሥት የተዛወረው። ናንሲ በ1901 አረፈች፤ እዚያው ኮሎማ ነው የተቀበረችው። ዛሬ ኮረብታው ላይ የሚወጣው የእግር መንገድ ሞንሮ ሪጅ ይባላል። በማርሻል ሐውልት በኩል ወጥተን ጥቂት ተራመድንበት። ዳገት ነው፤ ከላይ ግን ወንዙ ሲጠማዘዝ ወለል ብሎ ይታያል። ኮሎማ ከሄዳችሁ የማርሻልን ሐውልት ብቻ አይታችሁ አትውረዱ፤ የናንሲን መቃብር ጠይቁ።

ሌሎችም አሉ። ሸለቆው ኒሴናን የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሰዎች መሬት ነበር። መሰንጠቂያው ሲሠራ ጉልበታቸውን ሰጥተዋል። በምላሹ ያገኙት ግን ወርቅ ላበደረ ጠጠር ነው። ወርቁ ከመገኘቱ በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ 150,000 ያህል ነባር ነዋሪ እንደነበረ ይገመታል፤ 1870 ላይ 30,000 ገደማ ቀርቷል። በበሽታ፣ በረሃብ፣ በስደት፣ በግልጽ ግድያም ጭምር። የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም በ2019 በይፋ ይቅርታ ሲጠይቁ የዘር ማጥፋት ብለው ነው የጠሩት። ቻይናውያኑም ቢሆኑ፣ ፓርኩ ውስጥ የድንጋይ ሱቃቸው ዛሬም አለ፤ ከ1852 ጀምሮ የውጭ ወርቅ ፈላጊ እየተባሉ በየወሩ ግብር ይከፍሉ ነበር። ስደተኛ የሚከፍለው ግብር መልኩን ይለውጣል እንጂ አይቀርም።

ማታ በኦበርን አድርገን ወደ ግራስ ቫሊ ወጣን። መንገዱ የአሜሪካን ወንዝ ሁለቱ ቅርንጫፎች የሚገናኙበትን ገደል ይወርዳል። ከወንዙ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ ድልድይ አለ፤ ፎረስትሂል ይባላል። ያን ያህል የረዘመው ከስሩ ግድብ ተገድቦ ሐይቅ ይሞላል ተብሎ ነበር። ግድቡ ቀረ። ድልድዩ አለ።

ቅዳሜ፦ ግራስ ቫሊና ብሪጅፖርት

ወንዝ ውስጥ ያለው ወርቅ ቶሎ አለቀ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ የሳህን ሳይሆን የገንዘብና የማሽን ነው። ያንን ለማየት ግራስ ቫሊ ውስጥ ኢምፓየር ማይን አለ። ከ1850 እስከ 1956 ተሠርቶበት 5.8 ሚሊዮን አውንስ፣ ማለትም 180 ቶን ገደማ፣ ወርቅ ወጥቶበታል። ከመሬት በታች የተቆፈረው ዋሻ ሲቀጣጠል 367 ማይል ነው። ወደ 590 ኪሎ ሜትር፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚወስደው መንገድ ይበልጣል። የጎብኚ ማዕከሉ ውስጥ የዋሻዎቹ ሁሉ አምሳያ በትንሹ ተሠርቶ አለ። ድሮ ባለቤቶቹ ከሌላ ሰው ይደብቁት ነበር፤ ወርቁ ወዴት እንደሚያመራ ስለሚናገር። ልጄ ፊቱ ቆማ መንቀሳቀስ እምቢ አለች።

ዋናው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ታያላችሁ። ሃዲዱ በሰያፍ ወርዶ ጨለማ ውስጥ ይጠፋል። የዚህ ሰያፍ ርዝመት 11,007 ጫማ ደርሶ ነበር። ሠራተኞቹ ከእንግሊዝ ሀገር ከኮርንዎል የመጡ ነበሩ፤ እዚያ ቆርቆሮና መዳብ ሲቆፍሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የሀገራቸው ማዕድን ገበያ ሲወድቅ ሙያቸውን ይዘው ተሰደዱ። የነሱ ምግብ ዛሬም ከተማው ውስጥ ይሸጣል፤ ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር ነው። ጿሚዎቹ አለፍነው፤ ልጆቹ በሉልን።

የባለቤቱ የዊልያም ቦርን ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በ1897 የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ከማዕድኑ የወጣ ትርፍ ድንጋይ ነው። የጽጌረዳ አትክልት ቦታ፣ ፏፏቴ፣ ሰፊ ሣር አለው። ቆንጆ ነው፤ ቆንጆ መሆኑን አልክድም። ግን ከጉድጓዱ አፍ ጥቂት ተራምዶ እዚያ መድረስ ደስ አላለኝም። ከስር በቅሎዎች ሳይቀሩ በጨለማ ይኖሩ ነበር። ጋሼ ቤቱን ለማየት አልገቡም። አንጥረኛው ቤት ውስጥ ቆዩ፤ መዶሻውን፣ መሰርሰሪያውን እያነሱ እያስቀመጡ።

ማዕድኑ የተዘጋው ወርቅ አልቆበት አይደለም። የወርቅ ዋጋ ከ1934 ጀምሮ በመንግሥት በአውንስ 35 ዶላር ተቆርጦ ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ነገር ሲወደድ እሱ አልተነቃነቀም። ወጪው ገቢውን በላው። ፓምፖቹ ሲነሱ ውኃው ዋሻዎቹን ሞላቸው። ወርቁ የቀረው እዚያ ስር ነው። አፈሩ ላይ ደግሞ አርሴኒክና እርሳስ ቀርቶ መንግሥት ማጽዳት ነበረበት። መንገድ ለቃችሁ አትሂዱ የሚሉ ምልክቶች የተተከሉት በዋዛ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ለእግራችን ሄድን። ብሪጅፖርት ሳውዝ ዩባ ወንዝ ላይ ነው። በ1862 የተሠራ ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ አለ። መሀሉ ላይ አንድም ምሰሶ ሳይኖረው 70 ሜትር ገደማ ይዘረጋል፤ በዓይነቱ እስካሁን ከቆሙት ሁሉ ረጅሙ ነው። ኔቫዳ ውስጥ የብር ማዕድን ሲገኝ እህልና ዕቃ የጫኑ ጋሪዎች እየከፈሉ የሚያልፉበት ነበር። አርጅቶ በ2011 ተዘጋ፤ ተጠግኖ በ2021 ተከፈተ። ጎኑ ላይ ያለው ትልቁ የእንጨት ቅስት ከውስጥ ሲያዩት ነው የሚገርመው። እንጨት አናጢ የሆነ ዘመድ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

ከድልድዩ አጠገብ በተርሚልክ ቤንድ የሚባል የእግር መንገድ ይነሳል። ከወንዙ በላይ በኮረብታው ወገብ ላይ የሚሄድ፣ ብዙም ዳገት የሌለው፣ አዛውንትና ልጅ የሚችለው መንገድ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በአበባ ይሞላል። ብርቱካንማው የካሊፎርኒያ አበባ አለ፣ ሐምራዊው ሉፒን አለ፣ ስሙን የማላውቀው ነጭ አለ። ታች ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ በነጭ ቋጥኞች መሀል ይወርዳል። ጋሼ አምስት ጊዜ ቆመው ፎቶ አስነሱን፤ ክብረ መንግሥት ያለው ወንድማቸው ዋትስአፕ ላይ ሁሉንም አየ።

እዚያው አካባቢ ኢንዲፔንደንስ ትሬይል የሚባል ሌላ መንገድ አለ። ጥንት ውኃ ወደ ማዕድን የሚወስድ ቦይ የነበረ ነው። ቦይ ደግሞ ቁልቁለቱ እምብዛም ስለሆነ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ጫካ ውስጥ እንዲገባ ታስቦ ነው መንገድ የተደረገው። በ2020 የተነሳው እሳት የእንጨት ድልድዮቹን በልቷቸዋል። ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አጣሩ።

እሁድ፦ ማላኮፍና ሜሪስቪል

ከኔቫዳ ሲቲ ወደ ማላኮፍ ዲጊንስ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ አስፋልቱ ያልቃል። የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል። ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ውኃና ምግብም ያዙ።

ጫካው ድንገት ይከፈትና ገደል ፊት ትቆማላችሁ። ቀይ፣ ነጭ፣ ብርቱካንማ ግድግዳ። ልጆቹ የተፈጥሮ መሰላቸው። የሰው ሥራ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ተራራ በውኃ ታጥቦ የሄደበት ቦታ ነው። ከ1853 ጀምሮ ያገኙት ዘዴ ነበር፤ ውኃውን ከሩቅ ተራራ በቦይ ያመጡና በብረት ቱቦ ቁልቁል ሰድደው እንደ መድፍ በተሠራ አፈሙዝ ኮረብታው ላይ ይለቁታል። አፈሙዙ ሞኒተር ይባላል። አንዱ ሰፈሩ ውስጥ ቆሟል፤ ሰው አጠገቡ ሲቆም ያንሳል። አፈሩ፣ ዛፉ፣ ድንጋዩ ጭቃ ሆኖ በረጅም የእንጨት ቦይ ያልፋል፤ ወርቁ ከቦዩ ግርጌ ይቀራል፤ የቀረው ሁሉ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ሌሊትም ያሠሩ ነበር፤ ግድቦቹና አፈሙዞቹ እንዲነጋገሩም በ1878 በዚያ ተራራ ላይ ረጅም የስልክ መስመር ዘርግተዋል። በዚያ ዘመን!

የወርቁ ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለሆነ እንዳያመልጥ ቦዩ ውስጥ ባዜቃ ያፈስሱ ነበር። ሜርኩሪ ማለት ነው። ወርቁን ይዞ ይጣበቃል፤ በኋላ በእሳት ሲያሞቁት ባዜቃው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። ችግሩ ሁሉም አለመያዙ ነው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤት እንደሚገምተው በዚያ ዘመን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ባዜቃ ወንዝና አፈር ውስጥ ጠፍቷል። ዛሬም ከነዚህ ወንዞች የተያዘ ዓሣ ምን ያህል መበላት እንዳለበት ማስጠንቀቂያ አለ፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች።

ይህንን ስተረጉምላቸው ጋሼ ተቀመጡ። "እኛ ገበታና ውኃ ብቻ ነበር" አሉ። "አሁን ግን ልጆቹ እዚያ ባዜቃ በላስቲክ ይዘው እየመጡ በጣታቸው ያሹታል። ቤት ውስጥ ነው የሚያነዱት።" ከዚያ ፎቶ አንሱኝ አሉና ቀዩ ገደል ፊት ቆመው በድምፅ መልእክት ለወንድማቸው ልጅ ለረጅም ጊዜ አወሩ። ኔትወርክ ስላልነበረ መልእክቱ የተላከው ማታ ነው። ያሉትን በሙሉ አልጽፈውም፤ ፍሬ ነገሩ ግን የቤት ውስጥ እሳቱን አሁኑኑ እንዲያቆም፣ ጭሱ የማይታይ መሆኑን፣ ሕፃናቱን ከዚያ እንዲያርቅ ነበር። እኔም ይህን የምታነቡ ሻኪሶ፣ አሶሳ፣ ሽሬ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ያንኑ ንገሩልኝ እላለሁ። የባዜቃ ጭስ የሚጎዳው አንጎልን ነው። አይሸትም።

ሂለር የሚባል የድሮ የውኃ ማስወጫ ዋሻ አለ፤ ባትሪ ይዞ የደፈረ ያልፍበታል። እግር ይረጥባል፤ ጨለማ ነው። ልጆቹ ከሁሉ የወደዱት እሱን ነው።

ወደ ቤት የተመለስነው በመጣንበት አይደለም። ወንዙን ተከትለን በሀይዌይ 20 ወረድን። ከማላኮፍ የታጠበው ጭቃ የት እንደገባ ማየት ፈልጌ ነበር። ዩባ ሜዳ ላይ ሲደርስ ያመጣውን ሁሉ ያራግፋል። የወንዙ ወለል ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ሜሪስቪል ከተማ ከወንዙ በታች ቀረች። ነዋሪው ግድብ ሠራ። ጭቃው ተከተለ። ግድቡን ከፍ አደረገ። በ1875 ውኃው ግድቡን ጥሶ ከተማዋን በደለል ሞላት። የስንዴ ማሳና የፍራፍሬ እርሻ ከጠጠር በታች ቀረ። ጂኦሎጂስቱ ግሮቭ ካርል ጊልበርት በ1917 አስልቶ እንዳወጣው በዚህ ዘዴ ከሲየራ ተራሮች የታጠበው ከ1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው።

ኤድዋርድስ ውድራፍ የሚባል የሜሪስቪል ባለ መሬት የማላኮፍን ኩባንያ ከሰሰ። ጥር 7 ቀን 1884 ዳኛ ሎሬንዞ ሶየር ፍርዱን ሰጡ፤ ጭቃውን ወንዝ ውስጥ መጣል ተከለከለ። ወርቁ ገና ነበር፤ ኩባንያውም ሀብታም ነበር፤ ፍርዱ ግን ለገበሬው ሆነ። ሥራው በአንድ ቀን ባይቆምም የማላኮፍ ዘመን በዚያ አበቃ። ይህን ፍርድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች ማስተማር አለባቸው ብዬ በጣም አምናለሁ። ልጆቼ ስለ ማርሻል ተምረዋል፤ ስለ ዳኛው አንድም ቃል አልሰሙም።

ሜሪስቪል ዛሬም ዙሪያዋን በግድብ የታጠረች ነች፤ ሳህን ውስጥ ያለች ትመስላለች። መኪናችንን አቁመን ግድቡ ላይ ወጣን። በአንድ በኩል የቤቶች ጣሪያ፣ በሌላ በኩል ወንዙ። ሰዎች ውሻቸውን ይዘው ይንሸራሸራሉ።

ከዚያ ውኃው ወደ ሳክራሜንቶ ወንዝ፣ ከሳክራሜንቶ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። እኛም እንደዚያው ወረድን። መኪና ውስጥ ልጄ ባዜቃው ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። ከሳን ሆዜ ነው። ለካሊፎርኒያ ወርቅ የዋለው ባዜቃ አብዛኛው የተቆፈረው ኒው አልማደን ላይ ነው፣ እዚሁ እኛ ከተማ ጫፍ ላይ፤ ዛሬ ሰው የሚሮጥበትና ብስክሌት የሚነዳበት ፓርክ ሆኗል። ጋሼ ወደ ሀገር ቤት የሚመለሱት ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ ከመሄዳቸው በፊት እዚያ እንወስዳቸዋለን።